ከሦስተኛው ካርቦን ወዲያ

ለውድ አባቴ ለመምህር ገብረየስ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እማዬስ ደም ግፊቷን እየተለካች ነው ወይስ ዛሬም ደህና ነኝ እያለች ታታልልዎታለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ወደማስተምርበት አዲስ ከተማ ትምህርት ቤት በባጃጅ ስለምመላለስ ከአቧራው በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

የምጽፈው ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ማስተማር ስጀምር ከዋናው በእጅዎ ገልብጠው የሰጡኝን የኬሚስትሪ ደብተር ያውቁታል። ክሎሪን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ሲስብ ጉተታው ካርቦን ባለፈ ቁጥር ይደክማል፣ ከሦስተኛው ካርቦን ወዲያ ሁልጊዜ እንደሌለ ይቆጠራል ይላል። «ሁልጊዜ» የምትለዋን በቀይ አስምረውባታል። እኔም እንዳለ ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩት፤ ተማሪዎቼም ገለበጡት።

ሩሀማ የምትባል ከቱላ የምትመላለስ ተማሪዬ ግን ፈተና ላይ ሌላ ጻፈች። ፌኖል በሚባለው የስድስት ካርቦን ቀለበት ላይ፣ ኤሌክትሮን ሳቢው ናይትሮ ከኦኤች ትይዩ በቀለበቱ ማዶ አራተኛው ካርቦን ላይ ቢቀመጥም አሲድነቱን በደንብ ይጨምራል አለች። ሳላመነታ ኤክስ አደረግኩባት። በዚያ ሁለት ነጥብ ሁለተኛ ወጣች፤ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚላከው ደግሞ አንደኛው ብቻ ነው።

ቢሮ መጥታ አንገቷን ደፍታ፣ «ነጠላ ቦንድ ብቻ ከሆነ ልክ ነዎት፣ ቀለበቱ ላይ ግን ነጠላና ድርብ ስለሚፈራረቁ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ይዘዋወራሉ» አለችኝ። እውነቱን ልንገርዎትና ተቆጣሁ። የአርባ ዓመት ደብተር ይዤ ልጅ ታርመኝ? ማታ መጽሐፍ ብገልጥ ልክ ናት። እንዲያውም ናይትሮው ቀረብ ካለው ከሦስተኛው ካርቦን ይልቅ አራተኛው ላይ ሆኖ ይበረታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስህተቱ የእኔ ነው፣ መስመሩን ሰርዙ አልኳቸው። ስም ዝርዝሩ ሳይላክ የሩሀማ ነጥብ ተስተካከለ። ደብተሩ የማን እንደሆነ አልተናገርኩም።

አሁን ጭንቀቴ ዳዊት ነው። ወንድሜ በሚመጣው ሰኞ ማስተማር ሲጀምር ዋናውን ደብተር እንደሚሰጡት አውቃለሁ። ደውዬ ልነግረው አስቤ፣ እርስዎን መድፈር ሆነብኝና ተውኩት። እባክዎ ከመስጠትዎ በፊት ያቺን መስመር በእጅዎ ያርሙልኝ። ቅር እንደሚልዎት አውቃለሁ፤ የእጅ ጽሑፍዎን ስሰርዝ እኔም እንባዬ መጥቷል።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትረሳ። ጎረቤታችንን እትዬ አለምነሽን ሰላም ይበሉልኝ። ዳዊትንም ይሳሙልኝ። የታረመችውን መስመር አይቶ ከጠየቀዎ ግን «ምሕረት ተሳስታ ነው» እንዳይሉት፤ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይበሉት። ይህን ቃል ዳዊት አንድም ቀን ከእርስዎ አፍ ሰምቶት አያውቅም፤ እኔም እንደዚያው።

ልጅዎ ምሕረት
ሀዋሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.