የሃምሳ አለቃው ቁልፍ

ለምወድሽ እታለሜ፣

ራስ ምታቱ ተሻለሽ ወይ? እናታችንስ እንዴት ናት? የስፌት መኪናሽ ዛሬም ክር እየበጠሰች ታበሳጭሻለች? እኔን ካልሽኝ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እስከዚህ ድረስ ለእናታችን አንብቢላት፤ የሚቀጥለውን ግን ለብቻሽ።

እታለም፣ ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ግዳጅ ላይ ከርመን ውጊያ እንዳንረሳ ብለው መለማመጃ አመጡልን። አፈሙዙ ላይ የምትገጠም፣ በጥይት ፋንታ ብርሃን የምትተኩስ ነገር ናት። ሰደርያም ለብሰናል፤ ብርሃኑ ሲያገኘን ደረታችን ላይ ይጮሃል። የጮኸበት ሰው ወዲያው ይተኛል፣ እጁን ያነሳል፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ሃምሳ አለቃው መጥቶ ሰደርያው ላይ ቁልፍ አዙሮ ጩኸቱን ያጠፋና "ተነስ አንተ ሬሳ፣ ምሳ ደርሷል" ይላል። በሳቅ እንፈርሳለን። ደግሞ ከሁሉ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ "የዚህ ልጅ ዓይን ሌላ ነው" እያለ ያሞካሸኛል።

ባለፈው ሳምንት የእውነቱን ቅኝት ወጣን። ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ተኩስ ተከፈተብን። ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ተኛሁና እጄን አነሳሁ። አንድም ጥይት አልነካኝም እኮ! ቁልፍ የያዘ ሰው እየጠበቅኩ ነበር። ምን ነክቶኝ ነው በሞቴ?

ሎንጋው፣ ያ በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ጆሮዬን ይዞ የሚስቀው ጓደኛዬ፣ የተመታሁ መስሎት ብድግ ብሎ ወደ እኔ ሮጠ። ጭኑን መቱት። እንደምንም ጎትተን አወጣነው፤ እግሩ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሙ ቁርጡን አልነገረንም። የሕክምናው ድንኳን ልጠይቀው ስገባ "ሃምሳ አለቃውን ጥራልኝ፣ ቁልፉን ይዞ ይምጣ፣ መተኛት ሰለቸኝ" ብሎ ቀለደ። ቀጥሎ እጄን ያዝ አድርጎ "እንኳን አንተ ተረፍክ" አለኝ። ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ለሃምሳ አለቃው አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሳቀብኝ እንጂ አልተቆጣም። ድንጋጤ ነው ይለቅሃል፣ የአንተን ውጤት የማውቀው እኔ ነኝ አለና ነገ ቅኝት ስንወጣ ከፊት እንድሄድ መደበኝ። ብለምነው፣ ብለምነው እምቢ አለ።

እንደገና ተኝቼ እጄን ባነሳስ? እታለም፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ከኋላዬ የሚመጡትን ልጆች ሰብስቤ፣ ነገ ብወድቅ፣ እጄንም ባነሳ፣ ብጣራም እንኳ ማንም ወደ እኔ እንዳይመጣ አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ፊቴን ሲያዩት ግን ሳቁን ተዉት። አስምያቸዋለሁ።

እዚሁ ፖስታ ውስጥ ለእናታችን የጻፍኳቸውን ሌሎች ደብዳቤዎች ታገኛለሽ። ሁሉም ደህና ነኝ ነው የሚሉት። ቀን አልጻፍኩባቸውም፤ ስለ እኔ በጠየቀችሽ ቁጥር አንድ አንዱን አውጥተሽ አንብቢላት።

ክፉ አይንካችሁ። ደጃችሁን ሰላም ያድርገው።

አንቺ ያሳደግሽው፣
ታናሽ ወንድምሽ