«ማጠፍ ክልክል ነው» የተባለበት ተጣጣፊ ላፕቶፕ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን የግዥና ንብረት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በቃለ ጉባኤ ቁጥር ስምንት ላይ «ስብሰባው የሰብሳቢው ወገብ ስላልተመቸው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ተብሎ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ወገብዎን በጸሎቴ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ጸሎቴም ከልብ ነበር፤ ወገብዎ ሲሻልዎት ስብሰባው ይቀጥላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበርና።

ስምዎንም የወረዳችንንም ስም ያልጻፍኩት ከፍርሃት ሳይሆን ከአክብሮት ነው። በወላይታ ዞን ውስጥ ያለ ማንኛውም የኮሚቴ ሰብሳቢ ይህን አንብቦ «እኔን ይሆን እንዴ?» ብሎ ቢጠረጥር የክብርዎ ተካፋይ ይሆናል እንጂ የሚቀርበት ነገር የለም።

ፊርማዬን እንጂ ፊቴን እምብዛም ስለማያውቁት ራሴን ላስተዋውቅ። ብሩክታይት ሶርሳ እባላለሁ፤ ተዘዋዋሪ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። በአራት ትምህርት ቤቶች ያሉ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በየተራ እየዞርኩ አስተምራለሁ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጋ ሞተር ይደርሳል፤ ሦስተኛው ጋ ዝናብ ካልዘነበ ይደርሳል፤ አራተኛው ጋ ግን የሚደርሰው የገዛ እግሬ ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም ለልጆቹ የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ የማሳይበት አንድ ላፕቶፕ እንዲገዛልኝ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ጠየቅኩ። ከዚያ አንድ ገጽ የተነሣ የደረሰብኝን ቅሬታ፣ ይቅርታ፣ የተደረገልኝን ውለታ ማለቴ ነው፣ ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በምርጫው ላይ ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ሶዶ ከሚገኘው የአቶ ተድላ የኮምፒውተር ሱቅ ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ሁለት ላፕቶፖች ቀርበውላችሁ ነበር። አንዱ ቀጭን ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፣ ቦርሳ ውስጥ መኖሩ እንኳ ይረሳል። ሌላው ተጣጣፊ ነው፤ ስክሪኑ ወደ ኋላ ዞሮ እንደ ገበታ ይዘረጋል፣ በብዕር ይጻፍበታል ይሳልበታል፣ ጉልበቱም ብዙ ቪዲዮ ይችላል፤ ሲሸከሙት ግን የቀላሉን እጥፍ ይከብዳል። አቶ ተድላ እንደነገሩኝ፣ አምስት ሆናችሁ ሄዳችሁ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት አላመናችሁም፤ ሁለቱንም ይዛችሁ ጎረቤት ካለችው ቅቤ ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጣችኋቸው። ነጋዴዋ ወደ ተጣጣፊው እያመለከተች «ይኼ ይበልጣል» ስትል፣ ከእናንተ አንዱ «እንግዲያው ለመንግሥት የሚያዋጣው ይኼ ነው» አለ። አቶ ተድላ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለደንበኞቻቸው ያወራሉ። ቀላሉን ላፕቶፕ ግን ማንም አልገዛቸውም፤ ሲከፈት ቅቤ ቅቤ ይሸታል ይላሉ።

ሁለተኛ፦ እውነቱን ለመናገር እኔም ጥፋት አለብኝ። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ የጠየቅኩት ቀላሉን ነበር፤ ምክንያቴም ትከሻዬ ነበር። ኅዳር ላይ ግን ማርያማዊት የምትባል ተማሪዬን ለጆሮ ምርመራ ሶዶ ወሰድኳትና በዚያው ወደ አቶ ተድላ ሱቅ ጎራ አልን። ማርያማዊት ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ነው፤ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ ቤት ውስጥም «ብዪ፣ ነዪ፣ ተኚ» ከሚሉ ጥቂት የእጅ ምልክቶች በቀር ከቤተሰቧ ጋር የምትነጋገርበት ቋንቋ አልነበራትም። ተጣጣፊውን ላፕቶፕ እንዳየች ብዕሩን አንሥታ አቶ ተድላን ከነመነጽራቸው ሳለቻቸው። እሳቸውም ሥዕሉን ትኩር ብለው አይተው «መምህርት፣ አፍንጫዬ በእውነት ይህን ያህላል?» ብለው ጠየቁኝ። ያህላል፤ እኔ ግን የላፕቶፑን ዋጋ ጠየቅኳቸው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ መንገዱን ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ቀላሉን ይዤ ብዞር ለእኔ ይመቸኛል፤ ተጣጣፊውን ይዤ ብዞር ስድስት ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠው በገዛ እጃቸው ይሠሩበታል። በማግስቱ «ትከሻዬ ይችለዋል፣ ተጣጣፊው ይሁንልኝ» የሚል ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍኩ። ኮሚቴውም «የተጠቃሚዋ ፍላጎት ተለዋዋጭ በመሆኑ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይጠና» ብሎ ወሰነ። ሦስት ወር አጠናችሁኝ። በሕይወቴ ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ስለ እኔ ያሰበ ሰው የለም፤ ባለቤቴም ይህንኑ መስክሮልኛል።

ሦስተኛ፦ የካቲት ላይ ተጣጣፊው ተገዛ። ለዚህ ያለ ምንም አሽሙር አመሰግናለሁ። ከዚያ ግን «ውድ ንብረት ስለሆነ ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ አይወጣም» የሚል መመሪያ ወጣና ላፕቶፑ የብረት ካቢኔ ውስጥ ገባ። የምዞረው መምህርት እኔ ነኝ፤ የማይዞረው እሱ ሆነ። ይባስ ብሎ ስክሪኑ ላይ «ማጠፍ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ሙሉሐረግ ይህን ስታሳየኝ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ «እኔ ለጣፊ ብቻ ነኝ፣ መምህርት» አለችኝ። ለመታጠፍ ተብሎ የተሠራ፣ ስለሚታጠፍ የተመረጠ፣ እንዳይታጠፍ የተከለከለ ዕቃ ያላት የመጀመሪያዋ ወረዳ ስላደረጋችሁን ኮርተናል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን በቁጥር መከፋፈል አልሆነልኝም፤ እንደሆነው ልንገርዎት።

በዚያው ሰሞን ማርያማዊት ትምህርት ቤት መሄድ እንቢ አለች። እሷ የምትማረው ሞተር በማይደርስበት በአራተኛው ትምህርት ቤት ነው፤ ሞተር ከሚደርስበት ቤቷም አንድ ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። አባቷ አቶ ኢሳይያስ፣ ገበሬ ናቸው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቀውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህርት፣ ልጄን መምታት አልወድም። ማለዳ ማለዳ በር ላይ ቁጭ ትልና አልንቀሳቀስ ትላለች። ትምህርቱ አልገባት ከሆነ ከእናቷ ጋር ትዋል፤ እናንተም አትልፉ።» ለምን እንደማትሄድ ጠይቄያት ነበር፤ ጥያቄዬን የምትረዳበት ቋንቋ ገና አላበጀንም ነበር። «ቢያንስ እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

ቤት ገብቼ መመሪያውን እንደገና አነበብኩት። ላፕቶፑ ከግቢው አይወጣም ይላል፤ ልጆች ወደ ግቢው አይገቡም ግን አይልም። ዓርብ ደግሞ የቢሮ ቀኔ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓርብ ከአራቱም ትምህርት ቤቶች፣ ማርያማዊትን ከቤቷ ጨምሮ፣ ስድስት ልጆች በሞተርም በእግርም ሰብስቤ መጣሁ። ጥበቃው ጋሽ ቦልቴ «ጉዳያችሁ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ንብረት ልናይ ነው» አልኳቸው። ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጥረው «ባለጉዳይ ናችሁ፤ ግቡ» አሉን። ፎርሙን ፈርሜ ላፕቶፑን ተረከብኩ፤ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው የኮሪደር አግዳሚ ላይም ተቀመጥን። አጠፍኩትም። ምንም አልሆነም።

በሦስተኛው ዓርብ አቶ ኢሳይያስ ለማዳበሪያ ጉዳይ ወደ ከተማ መውጣታቸው ስለነበር ማርያማዊትን ራሳቸው በሞተር አምጥተዋት ከአጠገባችን ቆመው ይመለከቱ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው የተቀረጹበትን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ቀቅለን የምንበላው የቦዬ ሥር ምልክት መጣ፤ የሚያቃጥለው የዳጣ ማባያ ምልክት መጣ፤ ዳጣ ምላስን አውጥቶ በእጅ ማራገብ ስለሆነ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ የጫማ ምልክት መጣ። ማርያማዊት እጇን ዘርግታ ቪዲዮውን አቆመችው። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና ምልክቱን በሚያሳየው ልጅ ምስል ላይ ጫማ ሳለች፤ በጫማው ላይ ከጫማው የሚበልጥ እግር ሳለች፤ ጣቶቹንም ወደ ውስጥ አጥፋ ሳለቻቸው። ጣቶቹን ደጋግማ ከበበቻቸውና ቀና ብላ አባቷን አየች።

አቶ ኢሳይያስ ሥዕሉን አዩ፤ እግሯን አዩ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብለው ጫማዋን በቀስታ አወለቁ። ሁለቱ ጣቶቿ ቆስለዋል፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል። «ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ከተበላ ከተማ ገበያ የገዛሁላት ነው» አሉኝ በወላይትኛ፤ «በዓይኔ ገምቼ ነው የገዛሁት። ይህን ሁሉ ወር?» አሉ። ከዚያ እግሯን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ማርያማዊት አይዞህ እንደማለት ራሳቸውን ትደባብስ ነበር። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዝኩ። እርስዎ በዚያች ደቂቃ በርዎን ከፍተው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ነበር፤ የመለሰልዎት ሰው ስላልነበረ ተመልሰው ገቡ። በወቅቱ ባለመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ይኸው ነው።

«ይህን በወረቀትና በእርሳስ መሳል አይቻልም ነበር?» ይሉኝ ይሆናል። ይቻል ነበር። ወረቀትና እርሳስ ዓመቱን ሙሉ ነበራት፤ ዶሮና አበባ ትስልበት ነበር። ጫማ የሚባለው ነገር ምልክት እንዳለው፣ ምልክት ያለውንም ነገር ለሰው መንገር እንደሚቻል፣ የነገሩት ሰውም ሰምቶ ጎንበስ እንደሚል ያወቀችው ግን ያን ዕለት ነው።

አቶ ኢሳይያስ ጫማውን በእጃቸው አንጠልጥለው ልጃቸውን በሞተር ይዘዋት ሄዱ። በሳምንቱ እርስዎ ዘንድ ቀርበው «ዕቃው ወደ ትምህርት ቤታቸው ይምጣ፤ ቢጠፋ እኔ ዋስ እሆናለሁ፤ መሬቴ እዚሁ ነው፣ የትም አልሸሽም» እንዳሉዎት፣ እርስዎም ዋስ መሆን የሚችለው ደመወዝተኛ ብቻ መሆኑን በትሕትና እንዳስረዷቸው ሰምቻለሁ። ሲወጡ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጥተውኛል» አሉኝ።

ግንቦት ላይ ከእርስዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ክሱ ሦስት ነው፦ ያልተፈቀደ ስብስብ ማድረግ፣ ንብረት ማጠፍና በኮሪደር ላይ ድምፅ በማሰማት ሥራ ማስተጓጎል። መስማት የተሳናቸው ልጆች በጫጫታ ሲከሰሱ የመጀመሪያው መሆኑን ብጠራጠርም ክሱ እውነት ነው፤ ይስቃሉ። ሳቃቸውን ራሳቸው ስለማይሰሙት ዝቅ ማድረግ አያውቁበትም። እኔም ብዙ ነገር ለማስተማር ተቀጥሬያለሁ፤ ሳቅ መቀነስ ግን በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ማርያማዊት ከፋሲካ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም። አባቷ በዚህኛው ጊዜ እሷን ራሷን ገበያ ይዘዋት ሄደው፣ ሰፊ ሰንደል ለክታ መርጣለች። ከሌሎች ቀበሌዎች ወሬውን የሰሙ ሦስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ስላመጡ አሁን ዘጠኝ ሆነናል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን በታላቅ አክብሮት ተቀብዬ ፋይሌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ዘጠኙንም ይዤ እመጣለሁ። አግዳሚው የሚይዘው ስድስት ሰው ብቻ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ አግዳሚ እንዲፈቀድልን እለምናለሁ። ለዚህ ኮሚቴ የሚቋቋም ከሆነ ግን ይቅርብን፤ መሬት ላይ እንቀመጣለን።

ወገብዎ ጸንቶ፣ ማኅተምዎ ሳይደበዝዝ፣ ካቢኔዎ ሳይዝግ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ ትከሻዋ ሸክም፣ እግሯ ጭቃ የለመደ ታዛዥዎ ነኝ።

ብሩክታይት ሶርሳ
ተዘዋዋሪ የልዩ ፍላጎት መምህርት

ማስታወሻ፦ ልጆቹ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ ከጠባዩ ተነሥተው በእጅ የሚሠራ ስም ያወጣሉ። ለእርስዎም አውጥተዋል፦ ቀኝ እጅ ቁልፍ ያዞራል፣ ከዚያ ቁልፉን ኪስ ይከታል። ባለፈው ዓርብ በኮሪደሩ ሲያልፉ ዘጠኙም ባንድ ላይ ሲያሳዩዎት ሰላምታ መስሎዎት ፈገግ ብለው እርስዎም መልሰው አሳይተዋቸዋል። እጅግ ደስ ብሏቸዋል። ያለ ኮሚቴና ያለ ቃለ ጉባኤ፣ በዚያው ደቂቃ ያጸደቁት የመጀመሪያው ውሳኔ ስለሆነ እኔም እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።