ያላጎረሰው ጠመንጃ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ዳገቱን እሺ አለሽ? ያቺ የታመመች ጥጃስ ዳነች? እኔ ከጉንፋን በቀር ደኅና ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር መሣሪያ እየጠገንሁ አለሁ። ስልክ ብታነሺ ኖሮ በቃሌ እነግርሽ ነበር። ይህን ራስሽ አንብቢው፤ የኔታን እንኳ አታስነብቢ።

ወንድሜ ክንዱ የአባባን ጠመንጃ ይዞብኝ መጣ፤ ያን ከምላጩ ሥር ያለውን ቃታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት የሚያጎርሰውን። አላጎርስ ብሏልና ሥራልኝ አለኝ። ለምን እንደፈለገው ታውቂዋለሽ። ከጎረቤታችን ከአያ ቢያዝን ጋር በእርሻው ድንበር የተጣሉ ለታ ቀድሞ ያነጣጠረው አባባ ነበር፤ ጠመንጃው ባዶ ሆነበትና አያ ቢያዝን ገደለው። አሁን አያ ቢያዝን እርቅ ለምኖ ሽማግሌ ቢልክም፣ ወንድሜ በዚያው ጠመንጃ ደሙን ሳልመልስ አልቀመጥም ብሏል። እንዲህ ያለ ግትር!

ፈታሁት። ጥይቱን የሚገፋው ሞላ የደከመ መስሎኝ ነበር፤ እሱስ ሸጋ ነው። ጥይት የሚያነሳው ብረትም አልተበላም። ከበርሜሉ ሥር ያለውን የጥይት ቱቦ ስጠርግ ግን ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? በሰም የተነከረ ፈትል፤ ተጣጥፎ የተወተፈ፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ። ሞላውን አንቆ ይዞታል። ጧፍ ነው፣ እናቴ። አንቺ ደግሞ ከአባባ ቀብር ወዲህ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ መሥራት ትተሻል። ምነው ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም።

ፈትሉን ከነሰሙ አውጥቼ አቃጠልሁት። ቱቦውን በላምባ አጥቤ ባሩድ በሌለው ጥይት ስሞክረው ቅልጥፍ አድርጎ አጎረሰ። ጠመንጃውን ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርሁ። ትናንት ክንዱ ሳይመጣ ልሞክረው ብዬ ቃታውን ብገፋ፣ ባዶ። ብደግም፣ ባዶ። ቱቦውን ከፈትሁት። ያው ፈትል! ያውም ሰሙ ገና ለስላሳ ነው፣ ማር ማር ይሸታል፤ ቀጭን ጣት የተጫነበት ምልክት አለው። እመቤቴን፣ ሳጥኑን ማንም አልነካውም። አንቺ ያለሽው እዚያ ሩቅ መካነ ብርሃን ነው። ፈራሁ፣ እናቴ።

ላወጣው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ክንዱ መጥቶ ተሠራ ወይ ሲለኝ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬን እሺታ አድርጎት አንጠልጥሎ ወጣ። ደባርቅ ላይ ጥይት ሊፈልግ ይቆያል፤ ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌር ይቀድመዋል።

እነ አያ ቢያዝን ደጅ ከደረሰ እንደ አባባ ነው የሚቀረው። አይሠራም ብዬ ብነግረው ደግሞ የሰው ጠመንጃ ይዋሳል፤ ያኔ አያ ቢያዝን ይሞታል። እኔን የሚሰማ አይደለም። አንቺ መንገድ ላይ ጠብቂው። አባባ ጠመንጃውን አንግቶ ከመውጣቱ በፊት፣ ያን ለታ ጠዋት ቤት ውስጥ፣ ደም እንዳይፈስ ብለሽ በጧፍሽ ያደረግሽውን ንገሪው። ከዚያ በኋላ ደሙን ከማን እንደሚጠይቅ ይጨነቅበት። ቢጮኽብሽም ቻይው፤ ቢያንስ በሕይወት ይጮኻል።

እኔ እንደሆን አልተቀየምሁሽም።

ኪዳነ ምሕረት ጉልበትሽን ታበርታልኝ፣ አንደበትሽንም ትፍታልኝ። እግርሽን ስሜአለሁ።

ታናሹ ልጅሽ