የቱርሚ ድስቶች

…ደግሞ ያን ቀን ከኮረብታው ስንወርድ፣ ድስቱ ከጀርባሽ ተንሸራቶ ሲከሰከስ፣ እማ እንዳልመታችሽ ብቻ ነው የማስታውሰው። ገሉን አንድ በአንድ አስለቀመችሽ፤ ጥፍር የምታክለው እንኳ ሳትቀር። ከዚያ ምን እንዳለች ጠፍቶብኛል። አንቺ ታስታውሺ ይሆናል።

እህቴ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ። የአርቦሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽ ተመለሱ ወይስ አሁንም ከከብቶቹ ጋር ናቸው? እኔ ጤና ነኝ። ልደውልልሽ ሁለት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ተውኩት።

የሥዕል ዐውደ ርዕዬ እሑድ ጂንካ ላይ ተከፈተ። በግሌ የመጀመሪያዬ ነው። ሥዕሎቹን በፎቶ አይተሻቸዋል፤ ዘፋኟ፣ ሯጩ፣ ያቺ የፊልም ተዋናይት፣ ከኋላቸው እንደ ከረሜላ ወረቀት የሚጮህ ሮዝና ቢጫ፣ ፊታቸው ግን ከሸክላ ስባሪ የተገጣጠመ። ስባሪውን ከየት አገኘኸው ስትይኝ ከገበያ ለቀምኩ አልኩሽ።

አልለቀምኩም። ሰበርኩ።

ያ እማ ለጎረቤት ሁሉ የምታወራለት የቱርሚ ሆቴል የለም። አርባ ድስት ያዘዘ ሰው የለም። ከየቦታው የለቀምኩት ስባሪ ቀለሙ አልገጥም አለኝ፤ አንድ እጅ የሠራው፣ አንድ ዓይነት ጥቁረት ያለው ፈለግሁ። ለመስበር ነው ብላት እንደማትሠራልኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሆቴል ፈጠርኩ። በየወሩ አሥር አሥር እያደረገች አመጣችልኝ። ምን ይሠሩበታል ስትለኝ፣ ዶሮ አልኳት። ይወዱታል ወይ ስትለኝ፣ ማን እንደሠራው ይጠይቃሉ፣ አንድ ቀን መጥታ አብራን ትብላ ይላሉ አልኳት። ይህን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። በድስታችን እየበሉ፣ ሸክላ ሠሪ ናቸው ብለው ደጃፋቸውን የማያስረግጡንን ቤቶች አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። እማ ለዚያ ቀን ብላ ጫማ ገዛች።

ባስረከበችኝ ቁጥር፣ ሳያሟሹ እሳት ላይ እንዳይጥዱት ንገራቸው ትለኝ ነበር። እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ራቅ እስክትል እጠብቅና መዶሻውን አነሳለሁ።

ሰኔ ላይ አንቺ ዘንድ ሰንብታ ስትመለስ፣ በቱርሚ በኩል መኪና አገኘሁላት ብለሽኝ ነበር። የመጨረሻዎቹን አሥር ያመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ማሟሸት ምንም አላለችም። ደክሟታል አልኩ፤ እንዲያውም አንድ ውሸት ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ወሩን መልሼ ስቆጥር፣ ያን ቀን ቱርሚ ላይ ወርዳ ሆቴሉን ጠይቃ ይሆን እላለሁ።

እሑድ አልጠራኋትም። ከጸሎት ቤት በቀጥታ፣ በአዲሱ ጫማ መጣች። አቶ ውባየሁ የሚባሉ የክብር እንግዳ ንግግር ላይ ነበሩ፤ ይህ ከአያቶቻችን የወረስነው ባህላዊ ሞዛይክ ነው ይላሉ። ከአያቶቻችን ድስት ሰባሪው ማን እንደነበር እንጃ። እኔ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ አዳምጣለሁ። ንግግሩ ሲያልቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር እማን አይቶ፣ ለጨዋታ ያህል፣ እማማ፣ ከእነዚህ ዝነኞች የሚያውቁት አለ ወይ አላት። እማ ወደ ዘፋኟ ተጠጋች። ጉንጯ ላይ፣ የድስቱ ጆሮ የነበረበት ቦታ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ እማ በአውራ ጣቷ የተጫነችው ጎድጓዳ አለ። ጣቷን አገባችበት። ልክ ሆነ።

ይቺንማ አውቃታለሁ፣ ዝናቡ አላደርቅ ቢለኝ ሦስት ቀን እሳት ዳር አስተኝቻታለሁ አለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ።

ሰዉ ሁሉ ዘፋኟን ማለቷ መስሎት ሳቀ። እኔ ድስቷን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ሳቅሁ። እህቴ፣ አርባውን መስበሬን አንድ ቀን ልነግራት እችል ይሆናል፤ መሳቄን ግን አይታዋለች።

ደውላልሽ ስለ ሆቴሉ ካነሳች እባክሽ ዝም በይ። እኔው እነግራታለሁ። እንዲህ ስል ይኸው አራት ቀን አለፈ።

እግዚአብሔር ከወባ ይሰውርሽ። የተማሪዎችሽን መንገድ ያቅናላቸው። ከእኔ የተሻለ ወሬ የሚያመጣልሽ ሰው ይላክልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ቅዳሜ። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ሹፌር ነገ ነው የሚወጣው። ዛሬ ጠዋት እማ ጋ ሄድኩ። ደጅ ተቀምጣ ጭቃ ታሻለች። በላህ ወይ አለችኝ። በልቻለሁ ብላት አልሰማችኝም፤ ጎደሬ አቀረበችልኝና እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሳህኑን ስመልስላት፣ እማ፣ እነዚያ ድስቶች፣ አልኩ።

ፀሐዩ በረታ፣ ጭቃው ይደርቅብኛል አለች። በሁለት እጇ አቅፋው ገባችና በሩን በተረከዟ ገፍታ ዘጋችው።