የሰባት አገር ሰንጠረዥ

ሰኞ፣ ጥር 6
የፍርድ ቤቱ ጥናት ክፍል ዳይሬክተራችን ከሰባተኛው አገር ጉብኝት ተመለሰ። ቢሮ ውስጥ «አቶ ተሞክሮ» እንለዋለን፤ ያውቃል መሰለኝ፣ ደስም ይለዋል። የዛሬው ግኝት፦ እዚያ አገር እስረኛው የክፍሉን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል አሉ። እኛ ዘንድ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ እንኳ ያለው ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው።
ሰንጠረዡን የምሞላው እኔ ነኝ። ሰው ሳይፈረድበት በየአገሩ ስንት ቀን ይታሰራል? ሰባቱ ዓምድ ሞልቷል። ስምንተኛው «የእኛ» ይላል… ባዶ። «እሱን በኋላ እናሳምረዋለን» አለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ሐሙስ፣ ጥር 9
ስለ ልጃቸው የሚመላለሱት እናት ዛሬም መዝገብ ቤት መጡ። ልጃቸው በብስክሌት ስርቆት ተጠርጥሮ ከታሰረ አሥራ አራት ወሩ።
«እማማ፣ መዝገቡ አልተገኘም። ቀጠሮው ተላልፏል» አለቻቸው ሠራተኛዋ።
«ስንተኛው ነው ልጄ?»
«አምስተኛው።»
«ብስክሌቱ እንኳ ተገኝቷል እኮ።»
እነዚህ ሰዎች መዝገብ ቤት ሳይሆን መዝገብ መቅበሪያ ነው የከፈቱት።

ማክሰኞ፣ ጥር 14
አውደ ጥናት። አቶ ተሞክሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ እስረኛው ቁልፍ አወራ። አንዲት ዳኛ እጇን አወጣች።
«የእኛ ዓምድ ለምን ባዶ ሆነ?»
«ጥሩ ጥያቄ ነው።» መልስ የለኝም ማለቱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ፦ «ወንድሜ፣ ከአንድ መዝገብ ቁጥር አውጣና ሙላው።»
ከየትኛው?… ቆይ። ነሐሴ ላይ ለናሙና ብዬ አንድ ወስጄ አልነበር? መልሼዋለሁ?

ረቡዕ፣ ጥር 15
መሳቢያዬ ውስጥ። ከሰባቱ አገሮች ወረቀት ሥር። ብስክሌት… የልጁ ስም… ሁሉም አለ። «ለሁለት ቀን ነው» ብዬ ሳልፈርም ነበር የወሰድኩት።
ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሰጠኋት።
«የት አገኙት ጋሼ?»
«መሳቢያዬ ውስጥ።»
የመዝገቡን ቁጥር አየች። «በዚህ መዝገብ መጥፋት እኔ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል እኮ።»
ምን ይባላል? መቅበሪያው የእኔ መሳቢያ ኖሯል።

ሐሙስ፣ ጥር 23
ልጁ ተፈታ። ዳኛዋ «ቢፈረድበት ከሚታሰረው በላይ ታስሯል» አለች።
እናቱ ቢሮዬ ድረስ መጥተው እጄን ያዙ። «ያገኘኸው አንተ ነህ አሉ። እግዜር ይስጥህ ልጄ።»
የት እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። እጄን ለቀቁ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።
ስምንተኛውን ዓምድ ሞላሁት፦ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ቀን። አቶ ተሞክሮ አይቶ፣ «ምንጩን ጻፍበት እንጂ» አለ።
ጻፍኩ። «የጸሐፊው መሳቢያ።»