የማሰራጫ አምፖል መፈተሻዬ የአረቄ ማውጫ ተብሎ ስለመወሰዱ

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለዝግባ ሜዳ ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሊቀመንበሩ
ቡሬ

አመልካች፦ አድማሴ ክንዱ፣ ጡረተኛ የሬድዮ ቴክኒሻን

ጉዳዩ፦ ያላወጣሁትን አረቄ አቅጥነህ ሸጠሃል ተብዬ የቀረበብኝ ክስ እንዲሰረዝና የሠራሁት መሣሪያ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ የሥራዎን ብዛት እያወቅሁ ይህን ማመልከቻ የማቀርበው ሌላ የምጠናው ደጅ ስላጣሁ ነው።

1. ጡረታ እስክወጣ በአንድ የሬድዮ ጣቢያ ማሰራጫ ክፍል ሠርቻለሁ። ከቁራሌው የሰበሰብኋቸው አሮጌ የማሰራጫ አምፖሎች አሉኝ። የቤት አምፖል አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የቢራ ጠርሙስ የሚያህሉ፣ ድምፅን ሩቅ አገር የሚያደርሱ ናቸው። የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደተቃጠለ በዓይን አይታወቅም። መፈተሻ በገበያ ስለሌለ በእጄ ሠራሁ፦ ከብየዳ ማሽን የወጣ ትራንስፎርመር፣ ከአይሱዙ የተፈታ ጌጅ፣ አንድ በርሜል፣ አምፖሉ ሲግል የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚዞርበት የመዳብ ቱቦ።

2. የምንጭ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መሣሪያውንም እኔንም ይገድላል። ስለዚህ ውሃውን አፍልቼ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዤ፣ ጠብ ጠብ ሲል በጄሪካን እሰበስባለሁ። ማሰሮውን ያዋሱኝ ጎረቤቴ ወ/ሮ ባንቺአየሁ ናቸው፤ አረቄያቸውን ክቡርነትዎም ያውቁታል። የሕገወጥ መጠጥ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ቤቴ ሲገባ ያገኘው እንግዲህ ጭስ፣ ማሰሮ፣ ቱቦና የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ነው። በዚህ አልቀየምም፤ እኔም ብሆን አረቄ ነው እል ነበር። ሽማግሌ ስለሆንሁም "አባታችን፣ ድፍድፉን የት ደበቁት?" እያሉ በትሕትና አልጋዬን ገለበጡት።

3. የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ሃይለ ሚካኤል ፈሳሹን ለማስረጃ ቀመሱ። ስላልለየላቸው ደገሙ። ሌሎቹ አባላትም ተቀባበሉትና "ቶሎ አይዝም" ተባለ። እኔም "ውሃ ነው" ብዬ አስረዳሁ። በቃለ ጉባኤው የተጻፈው ግን "ውሃ እንዳለበት አምነዋል" የሚል ነው። በዚህ የተነሣ ያለፈቃድ አረቄ የማውጣት ክሴ ቀርቶ፣ አረቄን በውሃ አቅጥኖ ሸማችን የማታለል ክስ ተተካ። ሸማቹ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም፤ ከኮሚቴው አባላት በቀር የጠጣ ሰው የለም።

4. ወ/ሮ ባንቺአየሁ በባለሙያነት ተጠርተው ቀመሱና "ይኼ አረቄ ከሆነ እኔ ምን ሳወጣ ኖርሁ? ሰው ፊት አታዋርዱኝ!" ብለው ተቆጥተው ወጡ። ያዳኑኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ቃላቸው የምርቱን ጥራት ማነስ እንዳረጋገጠ ተቆጥሮ፣ የጥራት ማሻሻያ ዕቅድ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ክቡር ሆይ፣ ውሃን ከዚህ በላይ ምን አድርጌ እንደማሻሽለው ቢጠቁሙኝ በደስታ እፈጽማለሁ።

5. አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ከአንድ ማሰራጫ ሥር አብሮኝ ያረጀ ባልደረባ አለኝ፤ ቴዎፍሎስ አንዷለም ይባላል፤ የሚኖረው ገበዝ ማርያም ነው። በሚካኤል ማኅበር ተራው ደርሶ ሲደግስ ጠላው ቀጥኗል አልሁ። ቀጥኖ ነበር፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ጠላውን የጠመቁት ባለቤቱ ወ/ሮ ወለተ ሥላሴ ስቀው ተዉት። እሱ ግን በማኅበርተኛው ፊት ተነሥቶ "ቢመጣ በር አልከፍትለት፣ ቢደውል አላነሳለት፣ ሽማግሌ ቢልክ አልሰማለት!" ብሎ በሚካኤል ማለ። ቴዎፍሎስ መሐላ የሚያፈርስ ሰው አይደለም።

አሁን ሳንባውን ታሞ አልጋ ይዟል። ሬድዮው ከራስጌው ነው፤ ጣቢያ የሌለበትን ሞገድ ሁሉ ሲያስስ ይውላል ይላሉ ባለቤቱ። በመሐላው ውስጥ ሬድዮ አልተጠራም። የነፍስ አባታችን ቄስ ኪዳነ ማርያምም ነገሩን ጠይቀውና መርምረው "በሬድዮ አልማለም" ብለውኛል። ለማሰራጨት ፈቃድ አለኝ። የቀረኝ የሚሠራ አምፖል መለየት ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መፈተሻው ያስፈልገኛል። ሰውዬው ሳይሞት ድምፄን እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ናፍቆኛል።

6. ባለፈው ማክሰኞ ኮሚቴው ገለልተኛ የሬድዮ ባለሙያ ሲያፈላልግ፣ በአካባቢው የተገኘው ይኸው ቴዎፍሎስ ሆነ። ደውለውለት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ድምፁን ለቀቁት። እኔ ትንፍሽ እንዳልል ታዘዝሁ። አቶ ሃይለ ሚካኤል የዕቃውን ዝርዝር ሲያነቡለት እያሳለ አዳመጠና "የማሰራጫ አምፖል መፈተሻ ነው። የሠራውን ሰው አላውቀውም" አለ። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ግን "ቆይ" አለ፤ "ከፍተኛ ኃይል ነው። ሲፈትሽ አንድ እጁን ኪሱ ይክተት በሉት፤ በሁለት እጁ ከነካው ልቡን ነው የሚመታው። ሁልጊዜ ይረሳዋል።"

ኮሚቴው ምስክሩ ተከሳሹን እንደማያውቅ መዝግቦ ስብሰባውን ዘጋ።

ስለዚህ ክሱ ተሰርዞ መሣሪያዬ መጋዘን ውስጥ ሳይሰበር እንዲመለስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ክሱ የማይሰረዝ ከሆነም የቀጠነ አረቄ ሻጭ ተብዬ ልመዝገብ፤ ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ ዕቃው ብቻ ይሰጠኝ። ሰውዬው ተናግሮኛል፤ እኔ ዝም እንዳልሁ ነኝ። እጄን ኪሴ ከትቻለሁ ብዬ ልመልስለት።

ከሰላምታ ጋር
አድማሴ ክንዱ
(ፊርማ)