ዝናብ ያላየው ድንጋይ

ጉሩቬ፣ ጁን 9

ለልጄ ለቼናይ፣

እንዴት ከርመሻል? ጆሃንስበርግ ዘንድሮ ብርዱ ከፍቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ደረትሽን ሸፍነሽ ውጪ። እኛም ጋ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ በርታ አለብኝ እንጂ እህል አልከለከለኝም። የጎረቤታችን የኬንያስ ሚስት በየቀኑ ሳድዛ ትልክልኛለች። ገንፎዋ በመሮ ካልሆነ አይቆረስም፤ ግን እየበላ የሚያማርር ሰው ነውረኛ ነው።

የላክሽልኝ ሦስተኛው መጽሐፍም ደርሶኛል። ሽፋኑ ላይ ያለው ፈረንጅ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፤ ይሄ ሰውዬ ሥራው ተሽጦለታል አልኩ። አትቀየሚኝና ልጄ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው በውስጥህ ያለውን ሕፃን አጫውተው ይላል። ሦስተኛው ማልደህ ተነሥ ይላል። ማልዶ መነሣቱንማ አውራ ዶሮውም አላጣውም።

ሁለተኛው ግን፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አንዲት ቃሉ ልቤ ውስጥ ገብታ ነበር። «መጠበቅ የፈሪ ሥራ ነው፤ ዛሬውኑ ጀምር» ትላለች። አንቺም በእርሳስ አስምረሽባታል። እናትሽ ከሞተች ወዲህ መዶሻ ሳልነካ እንደቆየሁ ታውቂያለሽ። ፊቷን ጠርቤ መቃብሯ ላይ ላቆም ጥቁር ድንጋይ ከተራራው አስመጥቼ ነበር። በወጋችን ድንጋይ ከመመታቱ በፊት አንድ ክረምት ዝናብ ሊያየው ይገባል፤ ይሄ ግን የመጣው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። መጽሐፍሽን ሳነብ፣ ዝናብ የምጠብቀው ፈርቼ ነው ብዬ አመንኩ። ፈርቼም ነበር።

«ሶኮ» አለኝ ኬንያስ፣ በጎሳ ስሜ ጠርቶ፣ «ዝናብ ሳይነካው ልትመታው ነው?»

«መጠበቅ ፍርሃት ነው ይላል መጽሐፉ።»

«ሰውዬው ድንጋይ ጠርቦ ያውቃል?»

«ወረቀት ነው የሚያውቀው።»

«ወረቀት ሲበላሽበት ቀዶ ይጥላል። አንተ የሚስትህን የኔትሳይን ፊት ቀደህ ልትጥል ነው?»

«ሂድና ሚስትህን ገንፎ ማገንፋት አስተምራት» አልኩት።

ጀመርኩ። ቼናይ፣ እነዚያ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። እጄ አልረሳም። ግንባሯ ወጣ። ከዚያ «አላምንህም» ስትለኝ ከፍ የምታደርገው የግራ ቅንድቧ ወጣ። ኬንያስ መጥቶ አያትና ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ዕለት የመጽሐፉን ጸሐፊ በስሙ ጠርቼ መረቅሁት።

በመጨረሻው ቀን የምናወለውልበት ሰም ቀልጦ እንዲገባበት እንደ ልማዳችን ዙሪያውን እሳት አነደድኩ። ድንጋዩ ሲግል ጮኸ፤ ከቅንድቧ እስከ አገጯ ለሁለት ተከፈለ። ስንጥቁ ድሮም ውስጡ ነበረ፤ ዝናብ ቢያገኘው ኖሮ ያሳየኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን ተለቅሞ የሚሆን አይደለም። ኬንያስ «ነግሬህ ነበር» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን እሳቱን በአፈር አጠፋልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። እናትሽ ስትሞት ካለቀስኩት የበለጠ አለቀስኩ።

ሰውዬውን አልወቅሰውም። የእሱ ዓይነት መጽሐፍ ድፍረት ይሰጣል፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ግን አያሳይም። ምክሩም የሚሆነው ተሳስቶ እንደገና ለመጀመር ጊዜ ላለው ሰው ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ማታ መጽሐፎቹን ሳገላብጥ የማነበው አንቺ ያሰመርሽበትን ብቻ ነው። ስለ ፍርሃት፣ ስለ ባዶ ሸራ፣ ሥራውን ስለተወ ሰው። ለእኔ አስበሽ ያሰመርሽው መስሎኝ ነበር። ገጾቹ ላይ የሻይ ጠብታ አለ፣ የቀለም ጠብታ ግን የለም። አንቺ የነካሽው ነገር ቀለም ሳይነካው ሲቀር አይቼ አላውቅም፤ የእናትሽ ፎጣዎች እንኳ ምስክር ናቸው። መሣል ከተውሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? አልቆጣሽም። እኔ ራሴ ማንን እቆጣለሁ?

የክሊኒኳ ነርስ የደረቴን ፎቶ አይታ «አባባ፣ ድንጋዩን እኮ ሳንባዎ ውስጥ አስገብተውታል» አለችኝ። «እንግዲያው አውጪልኝና ልጥረበው» አልኳት። ሳቀች። ሌላም ብዙ ነገር አለች፤ ነርሶች ወሬ ይወዳሉ።

ኬንያስና ልጆቹ ሌላ ጥቁር ድንጋይ አምጥተውልኛል። የማንጎው ጥላ ከማይደርስበት አስቀምጠነዋል፤ አልነካሁትም። ዝናቡ ኖቬምበር ነው። ያን ጊዜ እዚህ ሁኚ። ሲያባራ ቶሎ ብለሽ ውጪ፤ ድንጋዩ ሁሉ ሲደርቅ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ቀጭን መስመር ሆኖ እርጥቡን ይቆያል። ፀሐይ ከበረታች አታገኚውም። በዚያ በኩል መዶሻ እንዳታሳርፊ። አቧራው እንዳይገባሽ አፍንጫሽን በእርጥብ ጨርቅ ሳትሸፍኚም እንዳትጀምሪ፤ እኔ አልሸፈንኩም። መሮዎቼ ኬንያስ ጋ ናቸው። የእናትሽ ቅንድብ ከፍ የሚለው ግራው ነው።

ኬንያስ ድንጋዩን ሲያንከባልል «ለአንድ ፊት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብሎ አጉረመረመ። ትልቁን አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ለሁለት ፊት ይበቃል።

መጽሐፍ አትላኪልኝ። እጅሽን ፈጣሪ ይባርክልኝ፤ አያቶችሽ ከኋላሽ ይቁሙ።

አባትሽ ዝቪዛይ